ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ

አዊ ዞን የውሃ ጣሪያ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋ የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በክልቲና በመሰል ወንዞች አድርጎ ግልገል ዓባይን ይዞ ጣና ይገባል፣ ከፊሉ ወደ ምዕራብ ተዳፍቶ በጃዊ ቆላ በኩል በለስን ይቀላቀላል። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ዓባይ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅም ታች ሆኖ ይጠብቀዋል። ውሃው ደግሞ ብቻውን አይወርድም። በሰኔና በሐምሌ የአዊ ወንዞች ቀለም የማሳው ቀለም ነው። ይህን ሁሉ አፈር ምን ወሰደው ተብሎ ቢጠየቅ የሁላችንም መልስ «የጎርፉ ጉልበት» ይሆናል። መልሱ አልተሳሳተም፤ ጉልበቱ የት ቦታ እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። ጎርፍ ሲያልፍ ዓይናችን የሚያርፈው በሚተራመሰው መሃሉ ላይ ነው። የአፈሩ ዕጣ የሚቆረጠው ግን ከታች፣ ውሃው ከወለሉ ጋር በሚፋተግበት፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጣት በማይበልጥ ንጣፍ ውስጥ ነው። ፈሳሽ ውስጥ ያለ ጠጣር አካል ከወለል ወይም ከግድግዳ አጠገብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሰላ የሒሳብ ዘርፍ አለ፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ይህ ሒሳብ ፈሰስ (የውሃ ማስወጫ ቦይ) ለሚያወጣ ገበሬ፣ እርከን ለሚቀይስ የልማት ባለሙያና ግድብ ለሚያቅድ መሐንዲስ እኩል ያስፈልጋል ብዬ እከራከራለሁ። እስካሁን በሥራ ላይ ካዋልነው እጅግ በበለጠ ልንጠቀምበትም ይገባል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በቦይ ውስጥ በሚሄድ ውሃ ላይ አንዱ ቅጠል በመሃል፣ ሌላው በዳር ቢጣል የመሃሉ ይቀድማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወለሉንና ጎኑን የነካው የውሃ ንጣፍ አይንቀሳቀስም። ከጠጣሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፣ ከላዩ ያለው በጥቂቱ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ እንዲህ እያለ መሃል ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳየው ትልቅ ነገር ይህ ነበር፤ ፈሳሽ በጠጣር አካል ላይ የሚያሳድረው ፍትጊያ በዚህ ስስ ንጣፍ ውስጥ ተጠቃሎ እንደሚገኝና ንጣፉን ለብቻው ማስላት እንደሚቻል። ከእርሱ በፊት ብዙዎቹ ሒሳብ ዐዋቂዎች የሚያሰሉት ፍትጊያ የሌለበት ውሃ ስለነበር ቀመራቸው ያማረ ሆኖ ከእውነተኛው ወንዝ ጋር አይገጥምም ነበር። ወለሉ አጠገብ ያለች የአፈር ቅንጣት እንግዲህ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ናት ማለት ነው። እግሯ ሥር ያለው ውሃ ቆሟል፤ አናቷ ላይ ያለው ይሮጣል። ከታች ተይዛ ከላይ ስትገፋ ትንከባለላለች፤ ከላይዋና ከታችዋ ያለው የፍጥነት ልዩነት ደግሞ ወደ ላይ የሚያነሳት ኃይል ይወልዳል። ፊሊፕ ሳፍማን ይህን የማንሳት ኃይል እ.ኤ.አ. በ1965 በቀመር አስቀምጦታል።

ቅንጣቷ ከተነሳች በኋላ ተመልሳ ለመውረድ የምትፈጀው ጊዜ ሌላው ጉዳይ ነው። ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ሕግ ለደቃቅ ቅንጣቶች ዛሬም ይሠራል፤ ድብልብል ቅንጣት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ የምትሰምጥበት ፍጥነት ከመጠኗ ጋር በካሬ ይጨምራል። በ10 እጥፍ የምትተልቅ ቅንጣት በ100 እጥፍ ትፈጥናለች ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የሚሊ ሜትር አንድ ሃምሳኛ የምታህል ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ 46 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከእርሷ በ10 እጥፍ የምታንሰው የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ሦስት ቀን ከሩብ ገደማ ትፈልጋለች። በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ጥልቀት እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል፤ ውሃው ጨርሶ ባይናወጥ ዛሬ ከላይ የገባች አንዲት የሸክላ ቅንጣት ታቹን የምትነካው ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ነው። በጣና ነፋሱ ውሃውን ስለሚያናውጠው የወረደችውም መልሳ ትነሳለች። ከቀመሩ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ደቃቁ አፈር ከወለሉ አንዴ ከተነሳ በአጭር ርቀት ውስጥ መልሶ ለመያዝ የማይታሰብ ነው፤ መያዝ ያለበት ሳይነሳ በፊት ነው።

ስቶክስ ያሰበው ግን ዳርቻ የሌለው ውሃ ነበር። ቅንጣቷ ወደ ወለል ወይም ወደ ግድግዳ ስትቀርብ ሕጉ ይለወጣል፤ የዚህ ዘርፍ ዋና ሥራም እዚህ ይጀምራል። ስዊድናዊው ሂልዲንግ ፋክሰን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከግድግዳ ጎን ለጎን የምትሄድ ድብልብል ምን ያህል እንደምትዘገይ አሰላ፤ በእርሷና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት የራሷን ግማሽ ወርድ ሲያህል የውሃው ተቃውሞ ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። በቀጥታ ወደ ወለሉ የምትወርድ ከሆነ ነገሩ ይበረታል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ብሬነር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው በዚያው ርቀት ተቃውሞው ከእጥፍ ያልፋል፤ ክፍተቱ ወደ ግማሽ ወርዷ አንድ ስምንተኛ ሲጠብ ደግሞ 9 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ በመካከል ያለው ውሃ መውጫ ማጣቱ ነው፤ ቅንጣቷ ለመጠጋት ውሃውን በጠባብ ቀዳዳ ጨምቃ ማስወጣት አለባት። ስሌቱን እስከ መጨረሻው ከተከተሉት አስገራሚ ቦታ ያደርሳል፤ ፍጹም ለስላሳ ድብልብል ፍጹም ለስላሳ ወለልን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጨርሳ ልትነካ አትችልም። በእውነተኛው ዓለም የምትነካው ሁለቱም ሸካራ ስለሆኑ ነው። ሸካራነት፣ ማለትም የገለባ ቁራጭ፣ የሣር ሥር፣ የጓል ጫፍ፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቁልፍ ቦታ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግድግዳ ግን ሁልጊዜ አያዘገይም። እንግሊዛዊው ሐኪም አርተር ቦይኮት እ.ኤ.አ. በ1920 ደም በያዙ ቀጭን የመስታወት ቱቦዎች ላይ ያልጠበቀውን ነገር አየ፤ ዘንበል ባሉት ቱቦዎች ውስጥ የደም ሕዋሳቱ ቀጥ ብለው ከቆሙት ይልቅ ፈጥነው ዘቀጡ። ምስጢሩ ግድግዳው ላይ ነበር። ቱቦው ሲያዘነብል ሕዋሳቱ እስከ ታች ድረስ መውረድ አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂት ወርደው በሥራቸው ያለውን ግድግዳ ያገኛሉ፣ በእርሱም ላይ ተያይዘው ይንሸራተታሉ፤ ጠልሎ የቀረው ፈሳሽ ደግሞ በላይኛው ግድግዳ ሥር ሽቅብ ይወጣል። ቡና ፈልቶ ሲወጣ ጀበናው ማቶት ላይ ዘንበል ብሎ እስኪሰክን የሚጠበቅበትን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይመስልም። ጀበና ሆዱ ክብ ስለሆነ እንደ ቱቦው በቀጥታ ባይሰላም፣ ዘንበል ያለ ግድግዳ ዝቃጭን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ እንደሚያወርድ ያው ሕግ ያስረዳል። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ዘንበል ያሉ ሰሌዳዎችን የሚደረድሩትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። የጎጃም ገበሬ በክረምት ማሳው ላይ የሚተኛውን ውሃ ለማስወጣት በማረሻ ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ፈሰስ ይባላል። የፈሰስ ጥበብ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። በጣም ካዘነበለ ውሃው ወለሉን ይቆፍርና ቦዩ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። በጣም ከተኛ ደግሞ አፈር ሞልቶት ይደፈንና ውሃው አልፎ ማሳውን ይበጥሰዋል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ልክ ፍለጋ ነው የወለል አጠገብ ሒሳብ የሚባለው። አልበርት ሺልድስ የተባለ አሜሪካዊ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ይህን ልክ በአንድ ንጽጽር አስቀመጠ፤ ውሃው ወለሉን የሚፍቅበት ኃይል በአንድ በኩል፣ ቅንጣቷን ወለሉ ላይ የሚያስቀምጣት ክብደት በሌላ በኩል። ፍቅታውን ማስላት ከባድ አይደለም። የውሃውን ጥልቀት በሜትር፣ በቦዩ ዝንባሌ፣ ከዚያም በ1,000 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ወደ ጎን የሚጎትት የኪሎ ግራም ክብደት ይሆናል። ፈሰሱ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይዞ በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ፍቅታው 5 ኪሎ ነው። በሺልድስ ንጽጽር መሠረት ይህ ኃይል ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር ያንከባልላል። ያው ውሃ ዝንባሌው በ100 ሜትር 1 ሜትር በሆነ ፈሰስ ውስጥ ቢሄድ ፍቅታው 1 ኪሎ ይሆንና ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰውን ብቻ ያነሳል። በጠባብ ቦይ ጎኖቹም ፍትጊያውን ስለሚካፈሉ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም። እርከን የሚሠራውን ሥራም ከዚሁ እንረዳለን፤ እርከን ዝንባሌውን ይቀንሳል፣ ፍቅታውም በዚያው ልክ ይወርዳል። የእርከን ብዛት በኪሎ ሜትር ሲቆጠር እንሰማለን። ለአፈሩ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን በእርከኖቹ መካከል የቀረው ዝንባሌና እዚያ የሚጠራቀመው ውሃ ጥልቀት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ የአዊ አፈር ድብልብል አይደለም፣ ጎርፍም ጸጥ ያለ ውሃ አይደለም። እውነት ነው። ቀይ የሸክላ አፈር በየቅንጣቱ አይጓዝም፤ ብዙ ቅንጣት ተያይዞ በደቃቅ ጓል መልክ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተበትኖ የተለካው የቅንጣት መጠን ወንዙ ውስጥ ያለውን አካሄድ አያሳይም። ተጣብቆ የኖረ ሸክላ ሺልድስ ለአሸዋ ካስቀመጠው ልክ በላይ ይቋቋማል፤ ታርሶ ሲላላ ደግሞ መቋቋሙን ያጣል። የጎርፉ ትርምስም ድንገት ጠልቆ ወለሉን ይመታል፤ አማካዩ ኃይል የማያነሳትን ቅንጣት ያ ቅጽበት ያነሳታል። የታላቁ ፊዚክስ ሊቅ የአልበርት አንስታይን ልጅ ሃንስ አልበርት አንስታይን ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 በዙሪክ ባቀረበው ሥራ፣ በኋላም በ1950 አሜሪካ ውስጥ ባሳተመው፣ ጠጠር ወለል ላይ የሚያደርገውን ጉዞ የዕድል ሒሳብ አድርጎ አየው፤ ጠጠሩ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ቆይቶ ይዘላል፤ የአንዱን ዝላይ መተንበይ ባይቻልም የብዙዎቹን ድምር ማስላት ይቻላል። እንግዲህ ተቃውሞው ቀመሩን አያፈርሰውም፤ ምን ተጨምሮበት እንደሚሠራ ነው የሚያሳየን። ማይክል ኦኔል እ.ኤ.አ. በ1968 ወለል ላይ የተቀመጠች ድብልብል የሚያርፍባት ግፊት የስቶክስ ሕግ ከሚለው 1.7 እጥፍ መሆኑን ሲያሰላ፣ እርሱም ድብልብል ወለል ላይ ብቻዋን ያለች አድርጎ ነው። ያ ንጹሕ ቁጥር ባይኖር ግን በእውነተኛው ማሳ የምንለካው መዛነፍ ከምን ያህል እንደዛነፈ የምናውቅበት መነሻ አይኖረንም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛው ደጋ ከተሰበሰበ መረጃ ይመጣል፤ እኔ የበለጠ የማከብረውም እርሱን ነው። በምዕራብ ጎጃም በአንጀኒ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከዚያም ባሕር ዳር አቅራቢያ በደብረ ማዊ በተደረጉ ልኬቶች የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ደጋግመው አይተዋል። በወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው የአፈር መጠን የሚበዛው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ወደ ነሐሴና መስከረም ውሃው እየበዛ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሊትር የሚገኘው አፈር እየቀነሰ ይመጣል። ጉልበቱ ብቻ የሚወስን ቢሆን ተቃራኒው ነበር መሆን ያለበት። ነገሩን ስናጤነው ግን መረጃው የወለሉን ሒሳብ ከሌላ ነገር ጋር አጣምሮ ያጸናዋል። በሰኔ ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰው ማሳ ልል ነው፤ በወለሉ ላይ ዝግጁ ቅንጣት ሞልቶ ስለሚገኝ የውሃው ፍቅታ የሚችለውን ያህል ይወስዳል። በነሐሴ ሰብሉ ሸፍኖታል፣ ትንንሾቹ የውሃ መስመሮች የመጨረሻ ቅርጻቸውን ይዘዋል፤ ውሃው አቅም ቢኖረውም የሚወስደው ያጣል። ስለዚህ ሞዴሉ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ወለሉ አጠገብ ውሃው ምን ያህል መሸከም ይችላል? ወለሉስ ምን ያህል ይሰጠዋል? ለአዊ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ ከዚያ ዛፉ መሬቱን ይሸፍንና ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ይቆረጣል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ቅጠሉና ሥሩ ወለሉን ሸካራ አድርገው ይይዙታል፤ ወለሉ ባዶ የሚሆነው በመቁረጫውና በመዝሪያው ክረምት ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ ማሳዎች በአንድ ዓመት ቢቆረጡና በየዓመቱ ተከፋፍለው ቢቆረጡ ወንዙ የሚያገኘው አፈር አንድ አይሆንም። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማስላት የሚቻል ሆኖ ሳለ ለዕድል መተዉ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ገበሬው ይህን ያውቀዋል፣ ቀመር ምን ይጨምርለታል?» የሚለው ነው። ገበሬው የፈሰሱን ዝንባሌ በዓይኑ እንደሚለካ አልጠራጠርም፤ በራሱ ማሳ ላይ ከማንኛውም ሞዴል የተሻለ ሊፈርድ ይችላል። ዕውቀቱ የማይደርሰው ከማሳው በታች ነው። የአንዱ ፈሰስ ውሃ በጎረቤቱ ፈሰስ ላይ ሲጨመር ጥልቀቱ ያድጋል፣ ከጥልቀቱ ጋር ፍቅታው፤ በየማሳው ትክክል የነበረው ዝንባሌ ሁሉ ተደምሮ ከቁልቁለቱ ግርጌ ቦረቦር ይቆፍራል። በላይኛው ማሳ የተፈረደው ፍርድ በታችኛው ማሳ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም በዓይኑ ሊደምረው አይችልም። ሒሳብ የሚያግዘው እዚህ ነው፤ ማን የት ፈሰስ ያውጣ፣ ስንቱ ፈሰስ ወደ አንድ ማስወገጃ ይግባ፣ ማስወገጃውስ ስንት ክንድ ይስፋ የሚሉትን ጥያቄዎች ጎረቤታሞች ተቀምጠው በቁጥር እንዲነጋገሩባቸው ያደርጋል።

ለዚህ የሚሆን መረጃ ደግሞ ከሌላ አገር አይመጣም፤ ዳንግላ ላይ ተሰብስቦ ያውቃል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ ዳንጊሽታ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የዝናብ መጠን፣ የጉድጓድ ውሃ ከፍታና የክልቲና የብራንቲ ወንዞች ከፍታ በየጊዜው ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የአካባቢው ሰዎች የሰበሰቡት መረጃ በጥራቱ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር የሚወዳደር መሆኑን አሳይቷል። ከወንዙ ከፍታ ጥልቀቱን ማወቅ ይቻላል፤ ዝንባሌው አንዴ ተቀይሶ ከታወቀ ፍቅታው በየቀኑ ሊሰላ ይችላል። ወለሉ ምን ያህል እንደሚሰጥ ለማወቅ ግን ውሃው ራሱ መቀዳት አለበት፤ አቀዳዱም ሒሳቡ የሚለውን መከተል አለበት። ሃንተር ራውዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው ቀመር እንደሚለው ከባዱ ቅንጣት ወደ ወለሉ እየቀረበ ይከማቻል፣ ደቃቁ ብቻ ከላይ እስከ ታች እኩል ይበተናል። ከላይ በባልዲ የተቀዳ ውሃ ስለ አሸዋው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ሰዓቱም ይቆጠራል፤ በደጋው የከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚያመጣው ጎርፍ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቶ ይሄዳል፣ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚነበብ ምልክት ደግሞ ጫፉን ሳያይ ሊቀር ይችላል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ወይም ሃይድሮሎጂ የሚማር ተማሪ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንታት ክልቲ ዳር ሊያደርግ የሚችለው ጠቃሚ ሥራ እንግዲህ ይታወቃል። ጎርፉ ሲነሳ፣ ሲሞላና ሲጎድል በሦስት ጊዜ፣ አንዱን ጠርሙስ ከውሃው ገጽ፣ አንዱን ከመሃል፣ ሦስተኛውን ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ መሙላት፤ ሦስቱንም በየብቻቸው አድርቆ መመዘን፤ ከምዝገባው አጠገብ የወንዙን ከፍታና በዚያ ሳምንት በላይ ያለው ማሳ ታርሶ እንደሆነ መጻፍ ነው።